ክርክር፦ የኒኬል ፍለጋ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ነዋሪው ይስማማ ወይስ ማዕድኑ ሲገኝ?

አወያይ፦ የኒኬል ፍለጋ ፈቃድ የያዘ ኩባንያ ቁፋሮ ሊጀምር ነው እንበል። ከአካባቢው ነዋሪ ጋር መቼ ይደራደር? አሁን ወይስ ከተገኘ በኋላ? ስድብ የለም። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ።)

ድንጋይ ወዳጅ፦ ገና ምኑም ሳይገኝ ምን ያጣላናል? ፍለጋ ማለት ማዕድን ማውጣት አይደለም። መጀመሪያ ካርታ ይሠራል፣ የአፈር ናሙና ይወሰዳል፣ መሬቱ ከአየር ላይ በመሣሪያ ይፈተሻል። መሰርሰሪያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያወጣውም የእጅ አንጓ የሚያህል የአለት ዘንግ ነው። አብዛኛው ፈላጊ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አልተዋጠልኝም፦ ወንድሜ፣ መሰርሰሪያው በክንፍ አይመጣም። መንገድ ይጠረግለታል፣ ውሃ ይቀዳለታል፣ ጭቃው የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ይቆፈራል። እሺ ይሄን እንለፈው። ከተገኘስ? ኩባንያው ገንዘቡን አፍስሶ፣ አክሲዮኑ ተሰቅሎ፣ መንግሥት ግብሩን በልቡ ቆጥሮ ሲያበቃ ማን ነው እምቢ የሚለው?

ሒሳበኛዋ፦ አክሲዮን ከተነሳ አይቀር፣ ፖሲዶንን አትርሱ። በ1969 ይህ ትንሽ የአውስትራሊያ ኩባንያ ዊንዳራ ላይ ኒኬል አገኘሁ አለ። ከ1 የአውስትራሊያ ዶላር በታች የነበረው አክሲዮኑ በ1970 መጀመሪያ 280 ዶላር ገባ። ከዚያ ዱብ! ስለዚህ «ተገኘ» ሲሏችሁ አታጨብጭቡ። በአለቱ ውስጥ ስንት ፐርሰንት ኒኬል አለ? ስንት ሜትር ድረስ? እሱን ጠይቁ።

ድንጋይ ወዳጅ፦ ልክ ነሽ። ግን ዓለም ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ኒኬል ይፈልጋል።

ሒሳበኛዋ፦ አብዛኛው ኒኬል የሚሄደው ለማይዝግ ብረት ነው። ጭራሽ ኒኬል የሌለበት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪም ገበያውን እየወሰደ ነው። ኢንዶኔዥያ ገበያውን ስታጥለቀልቀው ዋጋው ወረደና ቢኤችፒን የሚያህል ግዙፍ የማዕድን ኩባንያ በ2024 የአውስትራሊያ የኒኬል ሥራውን አቁሟል።

አልተዋጠልኝም፦ ጉዳቱንስ ማን ይቁጠር? ሩሲያ ውስጥ ኖሪልስክ በምትባል የኒኬል ከተማ በ2020 አንድ የነዳጅ ጋን ተቀዶ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ናፍጣ ፈሰሰ። ወንዙ ቀላ።

ድንጋይ ወዳጅ፦ እሱ እኮ ግዙፍ የማቅለጫ ከተማ ነው። ከፍለጋ ጋር ምን አገናኘው? ለማንኛውም ኒኬል ያለበት አለት ብዙ ጊዜ ድኝ አለው። ተፈልፍሎ አየርና ውሃ ካገኘው አሲድ ያመነጫል። ይሄ እውነተኛ ስጋት ነው፣ አልክድም።

ዘግይቼ ገባሁ፦ የካናዳውን ቮይሲስ ቤይ ልንገራችሁ። በ1993 አልማዝ ፍለጋ የወጡ ሰዎች ኒኬል አገኙ። ከአካባቢው ነባር ነዋሪዎች፣ ከኢኑና ከኢኑይት ሕዝቦች ጋር ስምምነት የተፈረመው ግን በ2002 ነው። ምርቱም የጀመረው በ2005። ከግኝቱ እስከ ፊርማው ዘጠኝ ዓመት! ከመጀመሪያው ቢነጋገሩ ኖሮ ለኩባንያውም ይሻለው ነበር ባይ ነኝ። ስለዚህ እኔ «አሁን» ነኝ።

ድንጋይ ወዳጅ፦ ይሁን፣ አሁን ይነጋገሩ። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ግን ስብሰባ አትጥሩ፣ ሥራው ይቆማል።

አልተዋጠልኝም፦ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ምንም ሳይገኝ ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ጉድጓዶቹን ማን ይደፍናል?

ድንጋይ ወዳጅ፦ ራሱ ኩባንያው። ፈቃዱ ላይ ከተጻፈና አስቀድሞ የማስያዣ ገንዘብ ካስቀመጠ።

አልተዋጠልኝም፦ ካልተጻፈስ?

ድንጋይ ወዳጅ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ተረትቻለሁ።