ሳሩን ነቅዬ ምን ልትከል?

ጤና ይስጥልኝ። ቀበና አካባቢ ያለችው ግቢያችን ሙሉ በሙሉ ሰርዶ ናት። ውሃ በፈረቃ እየመጣ ሳር ማጠጣት ቅንጦት ሆኖብኛል። በጦስኝ፣ በጤና አዳምና በኮሰረት ልተካው አስቤያለሁ። ጦስኝ ሲያብብ ንብ አይለየውም።

ያስቸገረኝ ሰርዶው ነው። ከላይ ቢነቀልም አፈር ውስጥ የሚሳበው ነጭ ገመድ የመሰለው ነገር ይቀራል። አንዲት ቁራጭ ካመለጠች እንደገና ታቆጠቁጣለች። መድኃኒት አልረጭም፣ ልጆች አሉ። ካርቶን አልብሼ ኮምፖስት ልደርብበት? ወይስ ክረምቱ አፈሩን ሲያርስልኝ ቆፍሬ ልልቀመው? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ደግሞ ከጽዱ ሥር ምን ይሆናል? ጦስኝ ፀሐይ ይወዳል። እዚያማ ሰርዶው ራሱ ሳስቷል። እማዬ «ልጆቹ የት ሊጫወቱ ነው?» ስላለች ከበሩ አጠገብ ያለችውን ሳር አልነካም።