ክርክር፦ በዴንትሪ ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራ ወይስ ጀልባው ይቀጥል?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ከአውስትራሊያ ነው። በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ ከኬርንስ ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ፖርት ዳግላስ፣ በአንድ ወገን ግሬት ባሪየር ሪፍ የተባለውን የኮራል አለት፣ በሌላ ወገን ደግሞ በዓለም እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ዝናባማ ደኖች አንዱን፣ የዴንትሪን ደን፣ ለማየት የሚመጡ ሰዎች የሚያርፉባት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከከተማዋ በተለመደው መንገድ ወደ ሰሜኑ ደን ለመግባት አዞ የሚኖርበትን የዴንትሪን ወንዝ መሻገር ግድ ነው፤ በዚያ ላይ ድልድይ የለም። መኪናውን የሚያሻግረው በብረት ገመድ እየተሳበ የሚመላለስ፣ የዳግላስ ወረዳ ምክር ቤት ክፍያ የሚሰበስብበት ጀልባ ነው። የድልድዩ ነገር በአካባቢው ለዐሥርተ ዓመታት ሲነሣ ሲወድቅ ኖሯል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ።

ተከራካሪ ከፐርዝ፦ ይሠራ ባይ ነኝ። ጎብኚ በሚበዛባቸው ደረቅ ወራት በወንዙ ዳር የሚሰለፈው መኪና ብዙ ነው። ጎብኚ ቢሰለፍ ለአንድ ቀን ነው፤ በሰሜኑ ማዶ ቤት ሠርቶ የሚኖረው ሰው ግን ለሥራም፣ ለሐኪምም፣ ለገበያም በዚያው ጀልባ ያልፋል፤ ጀልባው እኩለ ሌሊት ላይ ሲቆም ደግሞ እዚያው ማዶ ማደሩ ነው። እነዚህ ሰዎች የመብራት መስመር እንኳ ስላልተዘረጋላቸው በፀሐይ ኃይልና በናፍጣ ጄኔሬተር ይኖራሉ። በዚህ ላይ ከ1897 ጀምሮ የአካባቢውን ሸንኮራ ሲፈጭ የኖረው የሞስማን ስኳር ፋብሪካ በ2024 ሥራ ስላቆመ፣ ወረዳው ከቀድሞው ይልቅ የቱሪዝም ጥገኛ ሆኗል። ደኑን ሕግ ይጠብቀው እንጂ ወረፋ አይጠብቀው፤ በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ስፍራ ጠባቂው አንድ ጀልባ ብቻ ከሆነ፣ ሕጉ ምን ይሠራል?

ተከራካሪ ከሜልቦርን፦ ችግሩ ሕጉ የማይደርስበት መሬት መኖሩ ነው፣ ወንድሜ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ምዝገባው ከመምጣቱ በፊት፣ ከወንዙ በስተሰሜን ያለው ቆላማ ደን ከ1,000 በላይ በሆኑ ቦታዎች ተሸንሽኖ ለግለሰቦች እንዲሸጥ ተፈቀደ፤ ቅርሱ ሲከለል ከእነዚህ የግል ይዞታዎች አብዛኞቹ ከመስመሩ ውጭ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ መንግሥትም የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ብዙዎቹን በገንዘብ እየገዙ ወደ ደኑ መልሰዋል፤ ሆኖም ቤት ያልተሠራባቸው ቦታዎች ዛሬም አሉ። መብራት የሌለው፣ ከፍለውና ተሰልፈው የሚደርሱበት መሬት ፈላጊው ጥቂት በመሆኑ ዋጋው መልሶ ለመግዛት ይመቻል። ድልድዩ የተመረቀ ዕለት ያ መሬት ከፖርት ዳግላስ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቆ የሚገኝ የባሕር ዳር ቦታ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማን ይገዛዋል?

ቤት ሲበዛ መኪናና ውሻ ይበዛል። ካሶዋሪ የምትባለውን፣ ቁመቷ ሰው የሚያህለውንና መብረር የማትችለውን ወፍ ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው። ይህች ወፍ ትልልቅ የደን ፍሬዎችን ሙሉውን ውጣ ዘሩን በኩሷ ራቅ ወዳለ ቦታ ታደርሳለች፤ እርሷ ከሌለች የአንዳንዶቹ ዛፎች ዘር ከእናት ዛፉ ሥር የሚያርቀው እንስሳ አያገኝም።

ተከራካሪ ከፐርዝ፦ እህቴ፣ እርስዎ በሜልቦርን በዌስት ጌት ድልድይ ላይ ሲመላለሱ እየኖሩ ለሌላው ጀልባ ይበቃዋል ማለትዎ ትንሽ አስገርሞኛል። በድልድዩና በቤት ግንባታው መካከል ያለውን ግንኙነት ግን አልክድም።

ተከራካሪ ከኬርንስ፦ የ2023ን ታኅሣሥ እዚሁ ሆኜ ስላሳለፍኩ አንድ ነገር ልጨምር። ጃስፐር የተባለው ሳይክሎን (ብርቱ የባሕር ማዕበል ነፋስ) ከደኑ በስተሰሜን ባለችው በዉጃል ዉጃል መንደር አጠገብ ወደ የብስ ከገባ በኋላ ዝናቡ ለቀናት አላባራም፤ በአንዳንድ ቦታዎች ከሁለት ሜትር በላይ ዘነበ። ያን ጊዜ «ድልድይ ቢኖር ኖሮ» ያላለ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሰዎች ለረጅም ጊዜ ያገለላቸው ወንዙ ብቻ ሳይሆን በአሌክሳንድራና በኖዋ ኮረብታዎች ላይ መንገዱን የቆረጠው የመሬት መንሸራተት ነበር። እንዲያውም ጀልባ የሚባል ነገር በሌለበት በኬርንስና በፖርት ዳግላስ መካከል ያለው አውራ ጎዳና ራሱ በተመሳሳይ ምክንያት ለሳምንታት ተዘግቷል። ድልድዩ ቢኖር መኪናው ወንዙን ተሻግሮ ኮረብታው ሥር ይቆም ነበር። ገንዘብ ካለ አስቀድሞ ለኮረብታው መንገድ ይዋል እላለሁ።

ተከራካሪ ከፐርዝ፦ ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ለአደጋ ጊዜ ብዬ የያዝኩትን ምክንያት ያዳክምብኛል። ነገር ግን ድልድዩ ለኮራሉም ጠንቅ ነው የሚሉትን አልቀበልም። በ2016 ከፖርት ዳግላስ በስተሰሜን ያለውን ኮራል ክፉኛ ያነጣውና የገደለው የባሕሩ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ድልድይ አይጠይቅም።

ተከራካሪ ከሜልቦርን፦ ስለ ሙቀቱ ልክ ነዎት። ግን ኮራሉ ሁሉ ጥልቅ ባሕር ውስጥ አይደለም፤ በኬፕ ትሪቡሌሽን ከደኑ ግርጌ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ የባሕሩን ዳር ተከትሎ የበቀለ አለ። በ1983 መጨረሻ ወረዳው ከዚያ ወደ ብሉምፊልድ የሚወስድ መንገድ በቡልዶዘር ሊያወጣ ሲጀምር፣ ሰዎች እስከ አንገታቸው ተቀብረው መንገዱን የዘጉት ለዛፎቹ ብቻ ሳይሆን ከተቆረጠው ገደል የሚታጠበው አፈር ኮራሉ ላይ እንዳይደፋ ጭምር ነበር። በሙቀት የተዳከመ ኮራል ደለል ሲጨመርበት የማገገም ዕድሉ ያንሳል።

ተከራካሪ ከአዲስ አበባ፦ የመሬቱን ባለቤቶች እስካሁን ማንም አላነሣም። በመስከረም 2021 የኩዊንስላንድ መንግሥት ዴንትሪን ጨምሮ ከ160,000 ሄክታር በላይ የሚሆን ፓርክ የአካባቢው ነባር ለሆነው ለምሥራቃዊው ኩኩ ያላንጂ ሕዝብ መልሶ፣ አሁን ከእነርሱ ጋር በጋራ ያስተዳድረዋል። ጎብኚውም ነዋሪውም የሚያልፈው በእነርሱ ደጅ ነው። ውሳኔው የወረዳው ምክር ቤት ብቻ ሊሆን አይገባም።

ተከራካሪ ከፐርዝ፦ እነርሱ ድልድዩ ይሠራልን ቢሉስ? ለእነርሱም ልጅ ትምህርት ቤት፣ ለእነርሱም ሽማግሌ ሐኪም ያስፈልጋል። ደን ጠባቂ ናቸው ብለን ምርጫቸውን አስቀድመን ልንጨርስላቸው አንችልም።

ተከራካሪ ከሜልቦርን፦ ቢሉ እኔ የሜልቦርን ሰው ከልካይ ልሆን አልችልም። የምጠይቀው ቅደም ተከተል ነው፦ ቤት ያልተሠራባቸው ቦታዎች ዋጋቸው ከመውጣቱ በፊት ተገዝተው ወደ ደኑ ይመለሱ፤ ነዋሪው ጀልባው ላይ ቅድሚያ ማግኘቱ ይረጋገጥ፤ የኮረብታው መንገድ ይጠገን፤ ከዚያ ስለ ድልድዩ እንነጋገር።

ተከራካሪ ከፐርዝ፦ ቅደም ተከተሉን ልቀበል እችላለሁ፤ ግን ቀነ ገደብ ይቀመጥለት። መሬቱን መልሶ የመግዛቱ ሥራ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲጎተት የኖረ ስለሆነ፣ ገደብ ካልተበጀለት «ከዚያ እንነጋገር» ማለት ለወዲያ ማዶው ነዋሪ «በፍጹም» ከማለት አይለይም።