ታሪፉ ይነሳ ወይስ መስመሩ ይለይ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ አንድ ዋና ከተማ ለአውቶቡስ የሚጨምረው ገንዘብ ካለው ታሪፉን አንስቶ ጉዞውን ነጻ ያድርግ ወይስ መንገዱ ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መስመር ይለይ?

ታሪፍ ይነሳ፦ የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ሕዝቧን አስመርጣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አውቶቡሱን ለነዋሪዎቿ በነጻ አደረገችው። ሉክሰምበርግም በ2020 በመላ አገሪቱ አውቶቡሱንም ትራሙንም ነጻ አደረገች። ሌላው ከተማ ምን ያግደዋል?

መስመር ይቅደም፦ ወንድሜ፣ ታሊንን ካነሳህ ጨርሰህ ንገረን። በጥናት እንደታየው አዲስ ከተሳፈሩት ብዙዎቹ ድሮ በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ ናቸው፤ መኪናውን ጥሎ የመጣው ጥቂት ነው። ሉክሰምበርግም ብትሆን ከትኬት ታገኝ የነበረው የወጪዋን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ነዳጁንና ደመወዙን ከትኬት ለሚሸፍን ከተማ ነገሩ ሌላ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ጥበቃው ነው። ፌርማታ ላይ ቆማችሁ አስተውሉ። በየ10 ደቂቃው የሚመጣው አውቶቡስ መንገድ ይዘጋበትና ይዘገያል። በዘገየ ቁጥር ሰው ይጠራቀማል፤ ያን ሁሉ ሲጭን ደግሞ ይብስበታል። ከኋላ ያለው የሚጭነው ስለሌለ እየፈጠነ ይደርስበታል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ። የፊተኛው በሩ አልዘጋ ይላል፣ የኋለኛው ወንበሩ ባዶ ነው። ሰው የሚጋፋው ግን ከፊተኛው ጋር ነው፤ ሌላ መከተሉን በምን ያውቃል? ትኬት ቢነሳ ይሄ ይቀራል?

ታሪፍ ይነሳ፦ በከፊል ይቀራል እንጂ! ትኬት ከሌለ ሰው በሁሉም በር ይገባል፣ ቶሎ ይጭናል። ደግሞ ሦስት ልጆች ይዛ የምትሳፈር እናት የአራት ሰው ነው የምትከፍለው። ለእሷ ችግሩ ደቂቃ አይደለም።

የቀድሞ ሾፌር፦ መስመር መቀባት ብቻውን ዋጋ የለውም። አንዱ “መጣሁ” ብሎ መኪናውን መስመሩ ላይ ያቆማል፤ እኔ 80 ሰው ይዤ ከኋላው ጥሩንባ እነፋለሁ። የሚቀጣው ከሌለ መስመር አለ አትበሉኝ።

መስመር ይቅደም፦ ሾፌሩ እውነቱን ነው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ2000 ትራንስሚሌኒዮ የሚባለውን የፈጣን አውቶቡስ አገልግሎቷን ስትጀምር መሐል መንገዱን በግንብ ለይታ የሰጠችው ለዚሁ ነው። ሒሳቡም ጣቢያው ላይ አስቀድሞ ስለሚከፈል በሁሉም በር ይገባል። በሁሉም በር ለመግባት የግድ ነጻ መሆን የለበትም ማለት ነው።

ስለ እናትየዋ ያነሳኸውን ግን እቀበላለሁ፤ ለልጆቿና ለችግረኛው ታሪፉ ይነሳ። ገንዘቡን መኪና ይክፈል። ለንደን በ2003 መሐል ከተማ የሚገባን መኪና በቀን 5 ፓውንድ ማስከፈል ስትጀምር ገቢው ለትራንስፖርት እንዲውል በሕግ ታስሮ ነበር። እንዲህ ከሆነ አንተም እኔም አንድ ፌርማታ ላይ እንወርዳለን።

ታሪፍ ይነሳ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን የልጆቹ ታሪፍ መስመሩ እስኪሠራ አይጠብቅ፤ እሱ ነገ ሊጀመር ይችላል።