«ትልቁ ይምራ» ማለት ምን ማለት ነው?

(የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችና የወዳጆቻቸው የስልክ ቡድን ውይይት)

መምህሩ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ «የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ቶሎ አንድ መንግሥት ይሁኑ፤ ትልቁ ይምራ» ሲል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። እኛ እኮ ፌዴሬሽን ሞክረን በእጃችን አፍርሰናል። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ፓርላማዋንና ባንዲራዋን ይዛ ነው የተቀላቀለችው። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑን አፈረስነው። በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ ተመሠረተ። በአንድ ዓመት ውስጥ!

ብሎክ 14፦ ጋሼ፣ እርስዎ ሁሌ ያለፈውን ነው የሚያነሱት። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ካልመራች ማን ይምራ? ጅቡቲ? የጋናው ፕሬዚዳንት ንክሩማስ ያኔ አንድ መንግሥት ይኑረን ብሎ አልነበረም?

መምህሩ፦ ልጄ፣ ንክሩማ የጠየቀው የጋራ መንግሥት ነው። «ትልቁ ይምራ» መቼ አለ?

ሰናይት ከኮዬ፦ እኔ «ይምራ» የሚለው ቃል ነው ያልገባኝ። ምኑን ነው የሚመራው? ጦሩን? ብሩን? ወደቡን?

ብሎክ 14፦ ሁሉንም አላልኩም። ሐሳቡን ይምራ።

መምህሩ፦ ለሐሳብማ ትልቅነት ምን ያደርጋል? ትንሹም ሐሳብ ያመጣል።

የጋላፊው ሹፌር፦ ወንድሞቼ፣ እኔ ጅቡቲ መስመር ላይ 11 ዓመቴ ነው። ፓርላማውን ተዉት። ድንበር ላይ በእኛ በኩል እቆማለሁ፤ ትንሽ ነድቼ ደግሞ በእነሱ በኩል እቆማለሁ። ያው ወረቀት፣ ያው ጥያቄ። ሞያሌ ላይ ግን ኢትዮጵያና ኬንያ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ኬላ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ለእኔ ውሕደት ማለት እሱ ነው።

ሰናይት ከኮዬ፦ ልክ ነህ። እነ ኬንያና ታንዛኒያ ያሉበት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም እ.ኤ.አ. በ1977 ፈርሶ ነበር። እንደገና ሲነሱ በ2005 ጉምሩኩን፣ በ2010 የጋራ ገበያውን አስቀደሙ። ፌዴሬሽኑን መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጡት። ሶማሊያ እንኳን ገብታለች። እኛ ውጪ ነን።

ብሎክ 14፦ እና ፌዴሬሽኑ የታለ? ስንት ዓመት ጉምሩክ ጉምሩክ ሲሉ! እኔ ይህን ነገር በሕይወት እያለሁ ማየት እፈልጋለሁ።

ሰናይት ከኮዬ፦ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ዛንዚባርን እይ። በ1956 ዓ.ም. ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ የዛሬዋን ታንዛኒያ ብትመሠርትም እስከ ዛሬ የራሷ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት አላት።

ብሎክ 14፦ ይኸው! ትልቁ መራ፣ ኅብረቱም አልፈረሰም።

መምህሩ፦ ያልፈረሰው ትንሿ ቤቷን ስላልተቀማች ነው። እኛ አስመራን ቀማን። ልዩነቱ እሱ ነው። ይህን ሳናምን ስለ ውሕደት ብናወራ የሚያምነን ጎረቤት አናገኝም።

ብሎክ 9፦ ጋሼ፣ የቅርቡን ልንገርዎት። ብሎክ 14ም «ቤት የሚበዛው እኛ ጋ ነው» ብሎ የውሃ ፓምፑን ቁልፍ ወስዷል። አራተኛ ፎቅ ያለን ሰዎች ከሐሙስ ጀምሮ ጠብታ አላየንም።

ብሎክ 14፦ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው! የአገር ጉዳይ እያወራን ምን ፓምፕ ውስጥ አስገባሽን?

ብሎክ 9፦ ጥበቃውን ጠየቅኩት። «ያለ ብሎክ 14 ፈቃድ አልሰጥም» አለኝ። ልጆቼን በጀሪካን ውሃ ነው የማጥበው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ቁልፉን ስጣቸው።

ብሎክ 14፦ ዛሬ ማታ እሰጣለሁ። ግን ያልኩትን አላነሳም። ሌላው ስለፈራን ብቻ ትልቅ አገር አንገቱን ደፍቶ መቀመጥ የለበትም።

ሰናይት ከኮዬ፦ ማን አንገት ይደፋ አለ? አሁን ደግሞ ሌላ ቃል አመጣህ።

የጋላፊው ሹፌር፦ እኔ ሌሊት 9 ሰዓት እወጣለሁ። ድንበር ስደርስ የወረፋውን ፎቶ እልክላችኋለሁ።