ጥቆማ፦ ፓይለት ለመሆን ዲግሪ ይቅደም ወይስ የበረራ ፈቃድ?

ጥያቄ

ልጄ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በጥሩ ውጤት አጠናቃለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘውም አብራሪነትን ነው። እኔና አባቷ «መጀመሪያ ዲግሪሽን ያዢ፣ ከዚያ ትበሪያለሽ» እንላታለን፤ እርሷ ደግሞ አራት ዓመት መቆየት ዕድሜን መፍጀት ነው ብላ በቀጥታ የበረራ ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጋለች። ያጠራቀምነው ገንዘብ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ አይበቃም። ሙያውን የምታውቁ ሰዎች የቱን መንገድ ትመክሩናላችሁ?

ምላሽ፣ ከበረራ አስተማሪ

እኅቴ፣ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጣችሁ በፊት ልጅዎ ለአየር መንገድ አብራሪ የሚጠየቀውን የአንደኛ ደረጃ የአቪዬሽን ሕክምና ምርመራ ታድርግ። ይህን የማስቀድመው አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ ወጣት የደረሰበትን ስለማልረሳ ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍሎ፣ ለግል አብራሪ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ልምምድ ካጋመሰ በኋላ ነበር ለዚህ ምርመራ የቀረበው። ሐኪሙ በባለ ቀለም ነጠብጣብ የተሞሉትን ገጾች አንድ በአንድ ሲገልጥለት፣ ሌሎቻችን ወዲያው የምናነባቸው ቁጥሮች ለእርሱ አልታዩትም፤ ተከታዩንም ምርመራ ማለፍ አልቻለም። ቀለም ያለመለየት የዓይኑ ችግር ከተወለደ ጀምሮ አብሮት የነበረ ሲሆን፣ ገንዘቡን የተቀበለው ትምህርት ቤት ግን አስቀድመህ ተመርመር አላለውም። የምርመራው ወጪ ከሥልጠናው አንጻር እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከማንኛውም ውሳኔ በፊት ሊደረግ ይገባል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያወጣው የፈቃድ መስፈርት ዲግሪ አይጠይቅም። ለንግድ አብራሪ ፈቃድ 18 ዓመት የሞላው፣ 200 የበረራ ሰዓት ያለው (በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት ከሠለጠነ 150 የሚበቃው) እና በሕክምናና በፈተና ብቁ የሆነ ሰው ሊያመለክት ይችላል። ካፒቴን ለመሆን የሚያበቃው ከፍተኛው ፈቃድ ደግሞ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ለዓለም አቀፍ በረራ በእንግሊዝኛ የሬዲዮ ንግግርም በድርጅቱ የቋንቋ መለኪያ ቢያንስ አራተኛ ደረጃ ላይ መድረስ የግድ ነው። ስለዚህ ዲግሪ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ቀጣሪው ነው፤ የቀጣሪ ፍላጎት ደግሞ ከገበያው ጋር ይለዋወጣል። የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ ለረጅም ጊዜ የአራት ዓመት ዲግሪን ግዴታ አድርጎ ከቆየ በኋላ፣ አብራሪ ባጠረበት በ2022 እ.ኤ.አ. ግዴታነቱን አንሥቶ «ተመራጭ» ብቻ አድርጎታል። ገበያው ሲጠብና አመልካች ሲበዛ ግን ማመልከቻዎችን ለመለየት ያው ዲግሪ እንደገና ሊታይ እንደሚችል አስቡበት።

ዲግሪ በሕግ የሚቆጠርበትም ቦታ አለ። በአሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. ቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ሕጉ ተጠናክሮ፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪም በመደበኛው መንገድ 1,500 ሰዓት እንዲኖረው ተደርጓል። በዚያው ሕግ ግን ፈቃድ ከተሰጠው ዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው፣ የሚጠየቁትን ኮርሶች ካሟላ፣ በ1,000 ሰዓት ሊቀጠር ይችላል። ልብ በሉልኝ፤ ይህ ቅናሽ የሚሰጠው ለአቪዬሽን ዲግሪ ነው። የሒሳብ አያያዝ ወይም የሥነ ሕንፃ ዲግሪ በዚህ ሕግ አንዲት ሰዓት እንኳ አይቀንስም። «ዲግሪ ይጠቅማል» የሚሏችሁ ሰዎች የትኛውን ዲግሪና የትኛውን አገር ማለታቸው እንደሆነ ጠይቋቸው።

ልጅዎ ስለ ዕድሜ የተናገረችው ተራ የወጣት ጥድፊያ አይደለም። በብዙ አየር መንገዶች አውሮፕላን መምረጥ፣ ካፒቴን መሆን፣ የዕረፍት ቀንና የመኖሪያ ጣቢያ ማግኘት፣ በቅነሳ ጊዜም መጨረሻ መነካት የሚወሰኑት በቅጥር ቅደም ተከተል፣ በሙያው አነጋገር በሲኒየሪቲ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የገባ ሰው በዝርዝሩ ላይ ሁልጊዜ ከፊት ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ አብራሪ የሚያገለግለው እስከ 65 ዓመቱ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ የዘገዩት አራት ዓመታት የሚቀነሱት በካፒቴንነት ከሚከፈልባቸው ከመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ይህን ሒሳብ ወላጆች ብዙ ጊዜ አይቆጥሩትም።

የእናንተም ሥጋት እውነት ነው። በ2001፣ በ2008 እና በ2020 እ.ኤ.አ. የተከሰቱት ቀውሶች ብዙ አብራሪዎችን ከሥራ አውጥተዋል። ከቀውስ ውጭ እንኳ አብራሪ ቢያንስ በየዓመቱ እንደገና እየተመረመረ የሚሠራ ሰው ነው፤ ጤናው በታወከበት ቀን ሙያው ሊቆም ይችላል። በእጁ ሌላ ሙያ ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ቤተሰቡን ያኖራል። ስለዚህ ዲግሪን እኔ የማየው ሙያው በተቋረጠ ቀን እንደሚያገለግል መጠባበቂያ ነው። መጠባበቂያ ከሆነ ደግሞ ልጅቱ በእርግጥ ልትሠራበት የምትችለው ሙያ መሆን አለበት፤ ለዚህ ዓላማ አጠቃላይ የአቪዬሽን ዲግሪ ደካማ ነው፤ አየር መንገዶች ሲቀዘቅዙ እርሱም አብሮ ይቀዘቅዛልና።

የእኔ ጥቆማ እንግዲህ ይህ ነው፦ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ሕክምናውን ካለፈች ፈቃዱን አስቀድሙ፤ ዲግሪውን ሥራ ከያዘች በኋላ በርቀት ትማረው። ይህን ጥቆማዬን የምለውጠው ለመቀጠር የምታስቡበት አየር መንገድ ዲግሪን በግዴታ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወይም ሥልጠናውን ራሱ ከፍሎ ምሩቃንን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ካለ ዲግሪው በሥልጠናው ወጪ ስለሚካካስ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ የተሻለ ነው።

ምላሽ፣ ከኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ወደ አብራሪነት ከገባ ሰው

ከላይ በተጻፈው አብዛኛው ላይ እስማማለሁ፤ በራሴ ያየሁትን ብቻ ልጨምር። አምስት ዓመት ተምሬ፣ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ በራሴ ደመወዝ ነው የሠለጠንኩት። የመሬት ትምህርቱ (በክፍል የሚሰጠው የበረራ ንድፈ ሐሳብ) ሳይከብደኝ ያለፈው በዲግሪዬ እንደሆነ ይነገረኝ ነበር፤ እውነቱ ግን የበረራ ሒሳብ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና ሒሳብ ብዙም አይርቅም። የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነበር። በአውሮፓ ሥርዓት 13 የጽሑፍ ፈተናዎችን እያንዳንዳቸውን በ75 በመቶ፣ ሁሉንም በ18 ወር ውስጥ ማለፍ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ተቀምጦ የማጥናት ልማድ የሌላቸው ጓደኞቼ ሲንገዳገዱ አይቻለሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲቆምም እኔ ወደ ምሕንድስና ተመልሼ 14 ወር ሠራሁ። በሌላ በኩል ከእኔ በሰባት ዓመት የሚያንስ ካፒቴን አጠገብ ረዳት ሆኜ እበርራለሁ፤ ይህንንም ልጅዎ አስቀድማ ልታውቀው ይገባል።

ጠያቂዋ እናት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ምርመራውን ያለ ምንም ገደብ አልፋለች። ፈቃዱን እናስቀድም ብለን ሁለት ትምህርት ቤቶችን አይተናል። አንደኛው ሙሉውን ክፍያ በቅድሚያ ከከፈልን ጥሩ ቅናሽ አደርጋለሁ ይላል፤ ሁለተኛው ውድ ነው፣ ነገር ግን ክፍያው በየደረጃው ነው። የቱ ይሻላል?

ምላሽ፣ ከበረራ አስተማሪው

እንኳን ደስ አላችሁ። እንደ እኔ ከሆነ ቅናሹን ተዉትና በየደረጃው የሚከፈለውን ምረጡ። የበረራ ትምህርት ቤቶች በነዳጅ፣ በመለዋወጫና በአስተማሪ እጥረት የሚንገዳገዱ ድርጅቶች ናቸው፤ አንዱ ሲዘጋ ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ የሚመለሰው ለጥቂቶች ነው። ከተበረረው ሰዓት ብዙ የሚበልጥ ክፍያ በማንም እጅ አይቆይ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት የጻፈላችሁ ዋጋ ምንን እንደሚጨምር በዝርዝር አስጽፉ። የፈተና ክፍያ፣ ፈተና ቢደገም የሚከፈለው፣ የሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያሠለጥን መሣሪያ) ሰዓት፣ የመሣሪያ በረራ (ውጭው በማይታይበት ጊዜ በመሣሪያ እየተመሩ መብረር) እና የባለ ሁለት ሞተር ብቃት አብረው መቆጠራቸውን አረጋግጡ፤ በዝቅተኛው ሰዓት የሚጨርስ ተማሪ ጥቂት ስለሆነ ለተጨማሪ ሰዓትም መጠባበቂያ ያዙ። በአየር መንገድና በትምህርት ቤቱ ትብብር የሚሰጠው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብዙ አባላት አብራሪ ፈቃድ (ከሌላ አብራሪ ጋር በጋራ ለሚበረር አውሮፕላን የሚሰጥ የረዳት አብራሪ ፈቃድ) ቢቀርብላችሁ ደግሞ አየር መንገዱ ቅጥሩን በጽሑፍ ካላረጋገጠ አትፈርሙ፤ 240 ሰዓቱ አብዛኛው በሲሙሌተር የሚሞላ ስለሆነ፣ አየር መንገዱ ከሄደ ፈቃዱን ይዞ ሌላ ቦታ መብረር ያስቸግራል።

ፈቃዷን አግኝታ ቅጥር እስኪመጣ ያለው ጊዜ አደገኛ ነው፤ ያልተበረረበት ወር እጅን ያፈዛል፣ የመሣሪያ በረራ ብቃትም ጊዜው ያልፋል። ለዚያ ጊዜ የሚሆን በጀት አሁኑኑ ለዩ፤ የርቀት ዲግሪውንም በዚያ ወቅት ትጀምር።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን በሥራ ቀን፣ ሰማዩ ጥሩ በሆነበት ጠዋት፣ ሳትነግሯቸው ሁለቱንም ቦታዎች ሂዱና አፕሮኑ (የአውሮፕላን ማቆሚያው) ላይ ቁሙ። ስንት አውሮፕላን እንዳላቸው በወረቀት ከሚነግሯችሁ ይልቅ፣ ስንቱ እየበረረ፣ ስንቱ ሞተሩ ወጥቶ ሃንጋር ውስጥ እንደቆመ ቁጠሩ። ከዚያ ተራ የሚጠብቁትን ተማሪዎች አነጋግሩና የመጨረሻ በረራቸው መቼ እንደነበር ሎግ ቡካቸውን (የበረራ መዝገባቸውን) ከፍተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ በገጹ ላይ በሁለት በረራዎች መካከል የሳምንታት ክፍተት ካያችሁ ወደ ሌላው ሂዱ።