ሃያስያን ስለ «ሊትል ሚስ ሰንሻይን» ያሉትን እንዴት ላቅርበው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ በፊልም ክበባችን ሃያስያን የአንድ ቤተሰብን የመኪና ጉዞ የሚያሳየውን ፊልም «ሊትል ሚስ ሰንሻይን»ን እንዴት እንደተቀበሉት እናገራለሁ። የሃያስያንን ሂስ ከሚሰበስቡት ድረ ገጾች ሮተን ቶማቶስ ላይ ከ90 በመቶ በላይ አለው። ሜታክሪቲክ ላይ ግን ከ100 80 አካባቢ ነው። ጭራሽ ያልወደዱትም አሉ። እኔ ስቄም አልቅሼም ነው ያየሁት። የቱን ይዤ ልናገር? እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ ሀ፦
እህቴ፣ ቁጥሮቹ አልተጋጩም። የሚለኩት ነገር ነው የሚለያየው። ሮተን ቶማቶስ ከሃያስያኑ ስንቱ ወደደው ብሎ ይቆጥራል። «ደህና ነው፣ ይታያል» ያለውም፣ «ድንቅ ነው» ያለውም እኩል አንድ ድምፅ ናቸው። ሜታክሪቲክ ግን ለየሂሱ ከ100 ነጥብ ሰጥቶ አማካዩን ያወጣል። ለአንዳንድ ሃያስያንም የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ስለዚህ ከ90 በላይ ማለት ብዙዎቹ ወደውታል ማለት ነው እንጂ ከ100 90 አግኝቷል ማለት አይደለም። ይህን መጀመሪያ ላይ ብታስረጂ ግማሹ ጥያቄ እዚያው ይፈታል።

መልስ ለ፦
ታሪኩንም ጨምሪበት። ፊልሙ በጥር 2006 (በፈረንጆቹ) ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ለዳይሬክተሮቹ፣ ለባልና ሚስቱ ጆናታን ዴይተንና ቫለሪ ፋሪስ፣ የመጀመሪያ ረጅም ፊልማቸው ነበር። 8 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ የወጣበት ፊልም በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን አስገባ። ለአራት ኦስካር ታጭቶ ሁለት ወሰደ፤ አንዱ ለማይክል አርንት ድርሰት፣ ሌላው አያትየውን ለተጫወተው አለን አርኪን። ግን ሽልማትና ሂስ ለየቅል ናቸው፤ እንዳታቀላቅያቸው።

ጠያቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ያልወደዱትን ግን ምን ላድርጋቸው? ልዝለላቸው?

መልስ ሐ፦
በፍጹም እንዳትዘልያቸው! ዋናው ጨዋታ እዚያ ነው። ዋና ቅሬታቸው እያንዳንዱ ገጸ ባህርይ አንድ እንግዳ ጠባይ ተለጥፎበታል የሚል ነው። አባትየው ስለ ስኬት ይሰብካል፣ አያትየው ዕፅ ይወስዳል፣ ወንድምየው አልናገርም ብሎ ምሏል። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ እኔም እንደዚያ ተሰምቶኛል።

ግን ይኸው ወንድምየው ቀለም መለየት እንደማይችል የሚያውቅበትን ትዕይንት አስቢ። አብራሪ የመሆን ሕልሙ ያከተመው እዚያ ነው። ከመኪናው ወርዶ ይጮሃል። እናትየው ብትለምነው እምቢ ይላል። ትንሿ እህቱ ቁልቁለቱን ወርዳ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አጠገቡ ተቀምጣ ታቅፈዋለች። እሱም ይነሳል። እዚህ ጋ የተለጠፈ ጠባይ የለም፤ ወንድምና እህት ናቸው። ለኔ የቅሬታው ጉልበት የሚደክመው እዚህ ነው።

መልስ ሀ፦
እስማማለሁ። እንዲህ አድርጊ፦ አንድ የወደደና አንድ ያልወደደ ሃያሲ ምረጪ። ቁጥሩን ብቻ አትዪ፣ ሂሱን እስከ መጨረሻው አንብቢ። ሁለቱም የሚያነሱት ትዕይንት ካለ እሱን አሳዪና ክበቡ ራሱ ይከራከር። ፊልሙን ያላዩ ካሉ ግን መጨረሻውን አትንገሪባቸው፤ አደራ!

ጠያቂዋ፦
የቁልቁለቱን ትዕይንት አሳያለሁ። ተባረኩ! እሁድ ተመልሼ እነግራችኋለሁ።