የአንባቢዎቻችንን ኮምፒውተርና የመጽሐፍ ተዋሾች መዝገብ እንዴት ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ጠባቂዋ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። ለአንባቢ 6 ኮምፒውተሮች አሉን። የተዋሾች መዝገብ በኤክሴል ነው፤ ስም፣ ስልክ፣ የተዋሱት መጽሐፍ፣ ሁሉም እኔ ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ቴሌግራሟን ሳትዘጋ ወጣች። ከእሷ ቀጥሎ የተቀመጠ ሰው በስሟ ለአክስቷ «ቸግሮኛል፣ 2000 ብር ላኪልኝ» ብሎ ጻፈ። አክስቷም ላከች። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ ሆዴ ተላወሰ። በዚያ ላይ ፍላሽ የሰካ ሁሉ ፋይሉ ሾርትከት (የአቋራጭ ምልክት ብቻ) ሆኖበት ይመጣል። የአይቲ ሠራተኛም በጀትም የለንም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የኮምቦልቻው ኢንተርኔት ቤት

አብሽሪ እህቴ፣ ይስተካከላል። መጀመሪያ ልጅቱ። አሁኑኑ በስልኳ ቴሌግራም ሴቲንግ ትግባ፣ ዲቫይስስ የሚለውን ትክፈትና ከስልኳ ሌላ ያለውን ሁሉ ትዝጋ። ከዚያ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የይለፍ ቃል ታውጣ፤ በስልክ ከሚመጣው ኮድ ሌላ የሚጠየቅ ሁለተኛ ቁልፍ ማለት ነው።

ለ6ቱ ኮምፒውተሮች ዲፕ ፍሪዝ የሚባለው ሶፍትዌር ፍቱን ነው። ማሽኑ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር አንባቢው የተወው ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ የተከፈተ አካውንትም፣ የገባ ቫይረስም። ግን በገንዘብ የሚሸጥ ነው። ክራክ የተደረገውን (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረውን) እንዳትጭኚ፣ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ የሚገባው ከክራኩ ነው። እስክትገዙ ድረስ ብራውዘሩ ሲዘጋ ሁሉን እንዲያጠፋ አድርጊው።

አደራሽን፣ መዝገቡ ባለበት ማሽን ላይ ዲፕ ፍሪዝ አይጫን። እኔ የሒሳብ ኮምፒውተራችን ላይ ጭኜው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የዕለቱ ሒሳብ ድራሹ ጠፋ።

ሾርትከት የሆነው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ሾርትከቱን ማንም እንዳይነካው። ፍላሹን በአንቲቫይረስ አስፈትሺ፣ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ክፈቺ።

መልስ፦ ጡረተኛው ላይብረሪያን፣ ወልድያ

ልጄ፣ እኔን ያሳሰበኝ መዝገብሽ ነው። አንድ አባት መጥቶ «ልጄ ምን እያነበበች ነው?» ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ? እኔ ዘመኔን ሁሉ አልተናገርኩም። ሰው የታመመውን በሽታ፣ የጨነቀውን ነገር፣ ሃይማኖቱን ጭምር በመጽሐፍ ይፈልጋል። ማን ምን እንዳነበበ አማና ነው።

ስለዚህ መጽሐፉ ሲመለስ ስሙን ከመጽሐፉ ለይተሽ አጥፊ። ስንት ጊዜ እንደተዋሱት ብቻ ይቅር፤ ለሪፖርት ይበቃል። የማትጠቀሚበትን የመታወቂያ ቁጥር አትጠይቂ። የኤክሴሉን ፋይል በይለፍ ቃል ቆልፊ፤ ያ ኮምፒውተርም «ለአንድ ደቂቃ» እየተባለ ለአንባቢ አይሰጥ። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ለኃላፊሽ አሳዪው። ወደፊት ኮሃ የሚባለውን ነፃ የላይብረሪ ሶፍትዌር ብትጭኑ፣ የተመለሰ መጽሐፍን ታሪክ የሚያጠፋ ምርጫ አለው።

መልስ፦ ከሐይቅ ዳር

ቅጂስ አለሽ? እኛ በ2014 ጦርነት ኮምፒውተሮቻችን ተወሰዱ፣ የ7 ዓመት መዝገብም አብሮ ሄደ። ቅጂው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እሱም ሄደ። ሦስት ቅጂ ይኑርሽ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ብራናዎች ማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ አለ። ያ ያጽናናኛል።

ትልቁም ይመታል። ከእኛው መቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የተወሰዱ ብራናዎች ያሉበት የለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ በኦክቶበር 2023 በሀከሮች ተመታ። የተጠየቀውን ገንዘብ አልከፈለም፤ ካታሎጉ ግን እስከ ጃንዋሪ 2024 ከኢንተርኔት ጠፍቶ ቆየ። የገቡበት በር የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያልነበረው ሰርቨር ሳይሆን አይቀርም ሲል ላይብረሪው ራሱ ጽፏል። ስለዚህ የራስሽን ኢሜይል ዛሬውኑ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቆልፊ።

ጠያቂዋ፦

ጋሼም፣ ወንድሞቼም፣ አላህ ይስጥልኝ። ልጅቱን ጠርቼ አብረን ዲቫይስስን ከፈትን። የእኛው 4ኛ ኮምፒውተር አሁንም ክፍት ነበር፤ ዘጋነው። ብራውዘሮቹንም አስተካክያለሁ። የመዝገቡ ቅጂ ከነገ ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ ኃላፊዬ ቤት ይቀመጣል። የአክስቷ ገንዘብ አልተመለሰም፤ ለፖሊስ አመልክተዋል።